ከቲምሮ እስከ ቫንኩቨር፦ የስዊድን ሆኪ አጥቂ የሚበስልበት መንገድ

በጁን 2025 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደው የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ዋና የአይስ ሆኪ ሊግ) ድራፍት ቺካጎ ብላክሆክስ በ3ኛ ተራ ቁጥር የመረጠው የ18 ዓመቱን ስዊድናዊ አጥቂ አንቶን ፍሮንደልን ነበር። 16ኛው ላይ ኒው ዮርክ አይላንደርስ የፍሮንደልን የክለብ ጓደኛ ቪክቶር ኤክሉንድን ወሰደ። ሁለቱም ለስቶክሆልሙ ዩርጎርደን ይጫወቱ ነበር። ዩርጎርደን ደግሞ ያን የውድድር ዓመት ያሳለፈው በስዊድን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነው።

ይህ ብዙ ተመልካች ግራ አጋብቷል። ከሁለተኛ ዲቪዚዮን የመጣ ልጅ ከመላው ዓለም ወጣቶች መካከል እንዴት 3ኛ ሊሆን ይችላል? ከተመረጠስ በኋላ ለምን ወዲያው አሜሪካ አልሄደም? በዚያው የፀደይ ወራት ሌላ ጥያቄም ተነስቶ ነበር። የቫንኩቨር ካናክሱ ኤልያስ ፔተርሶን በዓመት 11.6 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ላይ ሆኖ የውድድር ዓመቱን በ45 ነጥብ ጨረሰ። የስዊድን ሥልጠና ቴክኒክ እንጂ ጽናት አያስተምርም የሚለው አሮጌ ወሬም እንደገና ተሰማ።

ሦስቱ ጥያቄዎች ይገናኛሉ። ለማብራራት የሚመቸው ደግሞ የፔተርሶን ታሪክ ነው። መውጣቱም መውረዱም በእጃችን ስላለ ማመዛዘን ይቻላል። (እዚህ ያሉት ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቃላቱን እንፍታ

ድራፍት ማለት 32ቱ የኤንኤችኤል ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ነው። በውጤት ደካማ የነበረው ክለብ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች ግን በዕጣም ይወሰናሉ። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ መመረጥ መቀጠር አይደለም። ክለቡ የሚያገኘው ከልጁ ጋር ብቻውን የመደራደር መብት ነው። በ18 ዓመቱ ከአውሮፓ ክለብ የተመረጠ ተጫዋች ላይ ይህ መብት እስከ 4 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ፍሮንደልና ኤክሉንድ ከተመረጡ በኋላ ለ2025–26 ወደ ዩርጎርደን መመለሳቸው ውድቀት አይደለም፤ የተለመደ አካሄድ ነው።

“ነጥብ” የሚለው ቃልም እግር ኳስ የለመደውን አንባቢ ሊያሳስት ይችላል። በአይስ ሆኪ የተጫዋች ነጥብ ማለት ያስቆጠራቸው ጎሎችና ለጎል ያቀበላቸው ኳሶች (በትክክለኛ ስሙ ፓክ፣ ማለትም ጠፍጣፋው የጎማ ክብ) ድምር ነው። ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ይቆጠራሉ።

“ጁኒየር” ስዊድን ውስጥ ሊግን ሳይሆን ዕድሜን ያመለክታል። ከ18 እና ከ20 ዓመት በታች ለሆኑት የተለዩ ውድድሮች አሉ። ይሁንና አንድ የ17 ዓመት ልጅ ማክሰኞ ከእኩዮቹ ጋር፣ ዓርብ ደግሞ ከአዋቂዎች ጋር ሊጫወት ይችላል። ከላይ ያለው ሊግ ኤስኤችኤል ይባላል፤ 14 ክለቦች አሉት፤ በመደበኛው ውድድር እያንዳንዳቸው 52 ጨዋታ ያደርጋሉ። ከሥሩ ያለው ሆኪአልስቬንስካን ነው። በሁለቱ መካከል እንደ እግር ኳሱ መውጣትና መውረድ አለ፤ በኤንኤችኤል ግን ወራጅ የሚባል ነገር የለም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ የወጣቶቹን ዕጣ የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው።

የልደት ወር ጉዳይ

ፔተርሶን የተወለደው ኖቬምበር 12 ቀን 1998 ነው። ያደገው ኦንጌ በምትባል ወደ 3 ሺህ ገደማ ሰው በሚኖርባት የመካከለኛው ስዊድን ከተማ ነው። አባቱ የሚሠሩት በከተማዋ የበረዶ ሜዳ ስለነበር እሱና ታላቅ ወንድሙ ሰዓት እላፊ እንኳ ሜዳ ለማግኘት አይቸገሩም ነበር። ከኦንጌ ቀድሞ የወጣ ተጫዋችም አለ። ሳሙኤል ፖልሶን በ2006 ከስዊድን ጋር የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ2007 ከአናሃይም ጋር የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫ ወስዷል።

ነገሩ ያለው ግን ከከተማዋ ይልቅ በወሩ ላይ ነው። የስዊድን የታዳጊ ቡድኖች ልጆችን የሚመድቡት በዘመን መለወጫቸው፣ በጃንዋሪ 1 ነው። በኖቬምበር የተወለደ ልጅ ከጃንዋሪ ልደተኛው በ10 ወር ያንሳል፤ በ13 ዓመት ደግሞ 10 ወር ማለት አንድ ጭንቅላት ያህል የቁመት ልዩነት ሊሆን ይችላል። ቀጭንና ዘግይቶ ያደገ ልጅ በዚህ አመዳደብ ሁልጊዜ ከታላላቆቹ ጋር ይጋፋል። ለአውራጃና ለብሔራዊ ቡድን ሲመለመል ከዓይን የሚሰወረው እንዲህ ያለው ነው።

ድራፍቱ ደግሞ ሌላ ቀን ይቆርጣል፤ ሴፕቴምበር 15። በዚያ ቀን 18 ዓመት ያልሞላው ለቀጣዩ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ በ1998 ከተወለዱት ብዙዎቹ በ2016 ሲመረጡ ፔተርሶን 2017ን መጠበቅ ነበረበት። በልጅነቱ ከእኩዮቹ መጨረሻ ያሰለፈው ልደት እዚህ ላይ ካሳውን ከፈለው፤ መልማዮች ሳይፈርዱበት ከአዋቂዎች ጋር የሚጫወትበት አንድ ሙሉ ዓመት አገኘ።

በአጋጣሚ ይሁን አይሁን፣ ብዙ የታወቁ የስዊድን አጥቂዎች በዚሁ በር አልፈዋል። መንትዮቹ ዳንኤልና ሄንሪክ ሴዲን የሴፕቴምበር 26 ልደተኞች ናቸው። ጋብሪኤል ላንደስኮግ የኖቬምበር፣ ከላይ የጠቀስነው ኤክሉንድ የኦክቶበር ነው። ሕግ ነው ማለት ግን አይደለም። ፍሮንደል የሜይ ልጅ ነው፤ በ1989 በድራፍት 1ኛ በመመረጥ የመጀመሪያው አውሮፓዊ የሆነው ማትስ ሱንዲንም የፌብሩዋሪ።

ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንደ ትምህርት ቤት

ቲምሮ ከኦንጌ በስተምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ያለ የወረቀት ፋብሪካ አካባቢ ክለብ ነው። በ2013 ከዋናው ሊግ ወርዶ ስለነበር ፔተርሶን ወደ አዋቂዎቹ ቡድን ሲያድግ የገባው በሆኪአልስቬንስካን ውስጥ ነው። በ2016–17፣ የድራፍቱ ዓመት በሆነው የውድድር ዘመን፣ በ43 ጨዋታ 19 ጎል አግብቶ 22 አቀበለ፤ 41 ነጥብ። በዚያው ጁን ቫንኩቨር በ5ኛ ተራ መረጠው።

ዕድለኛ ያደረገው የክለቡ ችግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዋናው ሊግ የወረደ ክለብ ውድ ተጫዋች የመግዛት አቅሙ ውስን ስለሆነ ያሳደጋቸውን ልጆች ለማጫወት ይገደዳል። ማጫወት ሲባልም ስም ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻ አይደለም። ሆኪ ላይ አሰልጣኙ አጥቂዎቹን በሦስት በሦስት፣ በአራት መስመር ይከፍላቸዋል። አራተኛው መስመር በአንድ ጨዋታ 7 ወይም 8 ደቂቃ በረዶ ላይ ሲቆይ የመጀመሪያው ከ18 ደቂቃ ያላነሰ ይቆያል። ተጋጣሚ ሰው ሲጎድልበት የሚወጣውም (ፓወር ፕሌይ ይሉታል) በአብዛኛው የመጀመሪያው መስመር ነው። ፔተርሶን በቲምሮ የነበረው እዚያ ነው።

ከፊቱ የሚቆሙት ደግሞ የ20 ዓመት ልጆች አይደሉም። የሆኪአልስቬንስካን ተከላካይ ብዙ ጊዜ 30 ዓመት ገደማ የሆነው፣ ከላይኛው ሊግ የወረደ፣ ፍጥነቱ የቀነሰ ግን ዱላውን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ከእኩዮች ጋር ሲጫወት ተሰጥኦ ያለው ልጅ ሁለት ሰው አታሎ ያልፋል፤ ስህተቱንም በፍጥነቱ ያርማል። እንዲህ ያለው ተከላካይ ፊት ግን አንዴ ፓኩን ከሳተው ተቃራኒው ቡድን ሦስት ለሁለት ሆኖ ይመጣል። ልጁ የሚማረው ፓኩ ከመድረሱ በፊት ዙሪያውን ማየትን ነው። 73 ኪሎ ገደማ ይመዝን ለነበረ ልጅ ይህ ከክብደት ማንሳት በላይ ዋጋ ነበረው።

ይህ መንገድ ሁሉንም ያሳልፋል ማለት ግን አይደለም። ለዚህ ማስረጃው በዚያው መስመር ላይ ከጎኑ ሲጫወት የነበረው ዮናታን ዳሌን ነው። ዳሌን በዚያ የውድድር ዓመት በነጥብ ከፔተርሶን ይበልጥ ነበር፤ መብቱም በልውውጥ ለዚያው ለቫንኩቨር ተላልፏል። ሆኖም ለቫንኩቨር ሳይጫወት ወደ ሳን ሆሴ ተሸጋገረ። እዚያ በ2021–22 በ61 ጨዋታ 22 ነጥብ አስመዝግቦ ወደ ቲምሮ ተመለሰ። ክለቡ፣ መስመሩና አሰልጣኙ አንድ፤ መድረሻው ግን ሁለት። የስዊድንን ሥርዓት ለማወደስም ሆነ ለመንቀፍ አንድ ተጫዋች ብቻ መጥቀስ ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የቬክሼ አንድ ዓመት

ከድራፍቱ በኋላ ፔተርሶን ወደ ደቡብ ስዊድን፣ ወደ ቬክሼ ሌከርስ ሄደ። አሰልጣኙ ሳም ሃላም ነበር፤ በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የሆነው። ልጁ በ44 ጨዋታ 56 ነጥብ አስመዝግቦ ሊጉን በነጥብ መራ። ከ40 ዓመት በላይ በኬንት ኒልሶን ስም የቆየውን የወጣት ተጫዋች ክብረ ወሰንም ሰበረ። በጥሎ ማለፉ ዙር ፕሌይኦፍ በ13 ጨዋታ 19 ነጥብ ጨመረ፤ ቬክሼም በ2018 የስዊድን ሻምፒዮን ሆነ።

ቁጥሩ አስደናቂ ቢሆንም ትኩረት የሚገባው ሌላ ነው። ሃላም ልጁን ያጫወተው በአብዛኛው በክንፍ (ዊንግ) እንጂ በተፈጥሮ ቦታው በመሐል (ሴንተር) አልነበረም። የመሐል አጥቂ እንደ ተከላካይ እስከ ራሱ ጎል ድረስ ይመለሳል፤ በከባድ ሰዎች መካከል ይገፈተራል። ክንፍ ላይ ያለ ወጣት ግን ኃይሉን ለማጥቃት ይቆጥባል። ያኔ ይህ ያከራከረ ውሳኔ ነበር። መሐል ላይ ሳይፈተን ቫንኩቨር ሲደርስ ምን ይሆናል የሚሉ ነበሩ። ውጤቱ ሲታይ ሥጋታቸው ተጋነነ እንጂ መሠረት የለሽ አልነበረም።

ሌላው ፈተና የሜዳው ስፋት ነው። የስዊድን ሜዳዎች አብዛኞቹ በዓለም አቀፉ ልክ 60 ሜትር በ30 ሜትር ናቸው። የኤንኤችኤሉ ርዝመቱ 61 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ግን 26 ሜትር ብቻ ነው። በወርድ 4 ሜትር መቀነስ ማለት በየጎኑ 2 ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ስዊድን ውስጥ ፓኩን አጥሩ ሥር የተቀበለ ክንፍ ቀና ብሎ አይቶ፣ ተከላካዩ እስኪመጣ ሁለተኛ ሐሳብ ያስባል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ቀና ሲል ተከላካዩ ደርሷል።

ፔተርሶን ይህን በቶሎ ቀመሰ። ኦክቶበር 3 ቀን 2018 በመጀመሪያ የኤንኤችኤል ጨዋታው ካልጋሪ ላይ ጎል አገባ፤ ሌላም አቀበለ። ከ10 ቀን በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ ተከላካዩን ማይክ ማቲሰንን አታሎ አለፈው። ማቲሰን ተከታትሎ አጥሩ ላይ አጣበቀውና አንስቶ በረዶው ላይ ጣለው። ፔተርሶን አንጎሉ ተናግቶ ከሜዳ ወጣ፤ ስድስት ጨዋታም አለፈው። ማቲሰን የሁለት ጨዋታ ቅጣት ተጣለበት። ልጁ ሲመለስ ማስቆጠሩን ቀጠለ፤ በ71 ጨዋታ 66 ነጥብ ይዞ በ2019 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ካልደር ዋንጫ ወሰደ።

ቀድመው የሄዱ፣ ዘግይተው ያበቡ

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ለሚሉ የስዊድን አሰልጣኞች ላንደስኮግ አስቸጋሪ ምሳሌ ነው። በ2009፣ 17 ዓመት ሳይሞላው፣ ስቶክሆልምን ለቆ ወደ ካናዳ የወጣቶች ሊግ ወደ ኪቸነር ሄደ። በ2011 በድራፍት 2ኛ ተመረጠ፤ በዚያው መጸው ለኮሎራዶ መጫወት ጀመረ፤ በ2012 ካልደርን ወሰደ፤ 20 ዓመት ሳይሞላው አምበል ሆነ። ሰውነቱ ቀድሞ የጠነከረ፣ በጉልበት የሚጫወት አጥቂ ነበር። ጠባቡን ሜዳና ጉሽሚያውን ቀድሞ መልመዱ ጠቀመው። ለፔተርሶን ዓይነት ቀጭን ልጅ ያው መንገድ ይጠቅመው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አይመስለኝም።

የሴዲን መንትዮች ደግሞ የሌላኛው ጫፍ ናቸው። በ1999 በ2ኛና በ3ኛ ተራ ለቫንኩቨር ተመርጠው አንድ ዓመት ሞዶ በሚባለው ክለባቸው ቆዩ። በመጀመሪያ የኤንኤችኤል ዓመታቸው ዳንኤል 34፣ ሄንሪክ 29 ነጥብ ብቻ አስመዘገቡ፤ ለዓመታትም “ለስላሳ” ተባሉ። ሄንሪክ በ2009–10 በ112 ነጥብ የሊጉ ኮከብ ሲባል 29 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዳንኤል በ104 ነጥብ ሊጉን መራ። ሁለቱ ጫማቸውን የሰቀሉት በ2018 የፀደይ ወራት ነው፤ ፔተርሶን ቫንኩቨር የገባው በዚያው ዓመት መጸው።

አሁን ሦስተኛ መንገድ እየተከፈተ ነው። የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ቀደም ሲል በካናዳ ዋና የወጣቶች ሊጎች የተጫወተን ሰው እንደ ፕሮፌሽናል ቆጥሮ ያግድ ነበር። በኖቬምበር 2024 ያን ለውጦ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ፈቀደ። ካናዳዊው ጋቪን ማኬና በዚያው ዓመት ወደ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሄዱ የለውጡ ምልክት ሆነ። ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። ለስዊድን ልጅ ነገሩ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ በአሜሪካ ገቢ የሚያገኝበት መንገድ የተገደበ ነው፤ በአዋቂ ክለብ ደመወዝ የበላ ተጫዋችም ብቁነቱ ይጠየቃል። ሆኖም ቬክሼና ዩርጎርደን እስካሁን ይወዳደሩ የነበሩት ከካናዳ የወጣቶች ክለቦች ጋር ነው፤ አሁን ኮሌጆችም ተጨምረዋል።

ክለቡ ከዚህ ምን ያገኛል?

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ በሚያውቀው ሰው ማነጻጸር ይቻላል። ከኤርትራውያን ወላጆች ሶልና ውስጥ የተወለደው የእግር ኳስ አጥቂ አሌክሳንደር ኢሳክ በ2017 መጀመሪያ በ17 ዓመቱ ከኤአይኬ ወደ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ተሸጠ። በእግር ኳስ ሕግ ያሳደገው ክለብ የሽያጩን ዋጋ ያገኛል፤ ከዚያም በኋላ ተጫዋቹ በውል ዘመኑ በተሸጠ ቁጥር ላሳደጉት ክለቦች እስከ 5 በመቶ ይከፈላል። ኢሳክ በ2025 በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሊቨርፑል ሲሄድ ይህ ለልጅነት ክለቡ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

በሆኪ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ኤንኤችኤል ለስዊድን ክለቦች የሚከፍለው በጋራ ስምምነት የተቆረጠ ካሳ ነው፤ ለአንድ ተጫዋች ሲሰላ ሩብ ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። ተጫዋቹ በኋላ 90 ሚሊዮን ቢፈርምም ወደ ኋላ የሚመለስ ድርሻ የለም። ስለዚህ ክለቡ ከአንድ ጎበዝ ልጅ የሚያተርፈው በዋናነት እሱ በሜዳ ላይ የሚያሳልፈውን ዓመት ነው። አንዳንዶች “ይቆይ” የሚለውን ምክር በዚህ ምክንያት ይጠራጠሩታል፤ ለልጁ ነው ወይስ ለክለቡ? ጥርጣሬው ትክክል ነው። የኤስኤችኤል አሰልጣኝ መውረድ እያስፈራው ለ18 ዓመት ልጅ የአራተኛ መስመር 7 ደቂቃ ሲሰጥ፣ መቆየቱ ልጁን ከማሳደግ ይልቅ ያደርቀዋል። ይሁንና ክለቡ ከልጁ የሚያተርፈው እዚያ ባለበት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ሲያስፈልገው ብዙ ደቂቃ ያጫውተዋል። ቲምሮም ቬክሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ከ102 ወደ 45

ፔተርሶን በ2022–23 በ80 ጨዋታ 102 ነጥብ አስመዘገበ። በማርች 2024 ለ8 ዓመት 92.8 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ በ13 ጨዋታ 6 ነጥብ ብቻ አገኘ፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ የጉልበት ጅማት ሕመም እንደነበረበት የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2024–25 በ64 ጨዋታ ወደ 45 ወረደ። ከቡድን ጓደኛው ጄ.ቲ. ሚለር ጋር የነበረው አለመግባባት በክለቡ ፕሬዝዳንት አንደበት አደባባይ ወጥቶ ሚለር በጃንዋሪ መጨረሻ 2025 ወደ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ተላለፈ።

ይህን ሁሉ ወደ “የስዊድን ልስላሴ” የሚመልሰው ማብራሪያ ያነክሳል። በዚያው አገር ሥርዓት ያለፉት የሴዲን መንትዮች በ29 እና በ30 ዓመታቸው ነው ጫፍ ላይ የደረሱት። ፔተርሶን 102 ነጥብ ያስመዘገበው በቲምሮ በተማረው ጨዋታ ነው፤ ያ ትምህርት በአንድ ክረምት አይጠፋም። ጉልበት መታመሙ፣ የመልበሻ ክፍሉ መታወኩና የተጋጣሚ ተከላካዮች እሱ ከቀኝ በኩል የሚለቀውን ምት አንብበው መዝጋታቸው ይበልጥ አሳማኝ ምክንያቶች ናቸው። በሌላ በኩል፣ መሐል ሜዳ ላይ ዘግይቶ የተፈተነ ቀጭን አጥቂ በግጭት በበዛው የፕሌይኦፍ ጨዋታ ይቸገራል የሚለው የ2017ቱ ሥጋት ጨርሶ አልተሻረም። የወጣቶች ሥርዓት ተጫዋቹን እስከ በሩ ያደርሰዋል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን 8 ዓመት የሚወስኑት ግን ሐኪሙ፣ አሰልጣኙና የራሱ ሰውነት ናቸው።

ስለ ፍሮንደልና ስለ ኤክሉንድ ለሚነሳው ጥያቄም መልሱ ከዚህ ይወጣል። ሁለቱ በ2025 ከዩርጎርደን ጋር ወደ ኤስኤችኤል ወጡ። እነሱን ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ከጎልና ከነጥብ በፊት የጨዋታውን ዝርዝር ከፍቶ በስማቸው አንጻር የተጻፈውን ደቂቃ ቢያይ ይሻለዋል፤ 17 ነው ወይስ 8? ቡድናቸው ሰው ሲጎድልበት አሰልጣኙ ወደ በረዶው ይልካቸዋል ወይስ አግዳሚ ላይ ያስቀምጣቸዋል?